ጠብቄሃለሁ ስንት ቃል ነው?

በ1976 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ገና ከመግባታቸው ጥቁር ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በሁለት መስመር ይሰነጥቁትና ግሶቹን በሦስት ረድፍ ይደረድሯቸዋል። እኛ ብድግ ብለን በዜማ እንላቸዋለን። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። ኢት፣ ኤት፣ ኢትን።» አብዛኞቻችን ፊደል የቆጠርነው ቄስ ትምህርት ቤት ስለነበር በዜማ የተቀበልነውን ነገር አንጥልም። አርባ ዓመት አልፎ ዛሬም አንድ ሰው «ብሪንግ» ሲል ከሰማሁ ጆሮዬ «ብሮት፣ ብሮት» የሚለውን ይጠብቃል።

ሦስተኛውን ረድፍ «ቨርብ ስሪ» እንለው ነበር። ተማሪ ዛሬም እንደዚያው ይለዋል። ቨርብ ስሪ ብቻውን አይቆምም፤ ደጋፊ ይፈልጋል። ባለቤቱ አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዘይ ከሆነ ደጋፊው ሃቭ ነው፤ ሂ፣ ሺ፣ ኢት ከሆነ ሃዝ። መምህራችን ከእያንዳንዱ ተውላጠ ስም ወደየደጋፊው በጠመኔ መስመር ይስቡና «ሚኒስትሪ ላይ ይህን የሳተ እኔ ዘንድ እንዳይመጣ» ይሉናል። ስሙ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። ትርጉሙን የነገሩን በአንድ አነጋገር ነበር፦ «የሆነው ትናንት ነው፤ ጣጣው ግን ዛሬም አለ።» የጠፋ ቁልፍ እስካሁን ካልተገኘ በዚህ እንናገራለን። የሄደ ሰው እስካሁን ካልተመለሰም በዚሁ።

እኛ ቤት የሄደ ሰው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በ1971 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ያኔ የጎንደር ወጣት የሸሸው በዚያ መንገድ ነው፤ ቀን ተደብቆ ሌሊት መጓዝ፣ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ የቀናው ካርቱም። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ ሱዳን ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በእርዳታ ድርጅቶችና በአብያተ ክርስቲያናት በኩል እዚያ ሰፈሩ። ወንድሜንም የአንዲት ትንሽ ከተማ ምእመናን ተቀበሉት። በ1976 ከእነዚያ ምእመናን መካከል አንዲት ሴትዮ ለእናቴ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፉላት። ልጅዎ ደኅና ነው፣ ሥራ ይዟል፣ ማታ ማታ ይማራል የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ሙሉ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።

እናቴ መልሱን ያስጻፈችኝ ቡና እየቆላች ነው። «በል ጻፍ። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ልጄን ስጠብቅ አምስት ዓመት ሆነኝ በልልኝ።»

የመጀመሪያው አላስቸገረኝም። ሁለተኛው ላይ ግን የደብተሬን ሦስት ገጽ ጨረስኩ። እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ በመጨረሻ ይህን አወጣሁ፦ «ማይ ማዘር ሺ ሃዝ ዌይትድ ሂም ሲንስ ፋይቭ ይርስ።» ሃዝ ቦታው ላይ አለ፤ ቨርብ ስሪም ቦታው ላይ አለ። በማግስቱ ለመምህሬ ይዤላቸው ሄድኩ።

የመምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመው አነበቡት። አልሳቁም። ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም «ቁጭ በል» አሉኝ። «ሺ»ን ሰረዙ። ከ«ሂም» በፊት «ፎር» አስገቡ። «ሲንስ»ን ሰርዘው እሱንም «ፎር» አደረጉት። ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ዌይትድ»ን ወደ «ቢን ዌይቲንግ» ለወጡት፤ «እናትህ መጠበቁን መች ጨረሰች» አሉኝ።

ከዚያ በቁጣ ሳይሆን አንድ ነገር እንዳገኘ ሰው «የጻፍከው እኮ አማርኛ ነው» አሉኝ። «እናቴ ጠብቃዋለች» ስንል፣ አሉ፣ እናትህን ባትጠራትም ግሱ ውስጥ «እሷ» አለች። ፈረንጁ ጋ ግን ዌይትድ ለእኔም፣ ላንተም፣ ለእነሱም ያው ዌይትድ ነው፤ ባለቤቱ አያስታውቅም። የአማርኛ ጆሮ ይህ ባዶነት ስለማይመቸው እናቴ ካለ በኋላ «ሺ» ብሎ ደግሞ ይሞላዋል። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ማስቀመጥ ነው።

«ፎር»ስ? ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባው ላይ በትልቁ «ጠብቄሃለሁ» ብለው ጻፉ።

«ይህ ስንት ቃል ነው?»

«አንድ።»

«በእንግሊዝኛ በለው።»

«አይ ሃቭ ዌይትድ ዩ።»

«ዩ አይደለም፤ ፎር ዩ ነው። አይ፣ ሃቭ፣ ዌይትድ፣ ፎር፣ ዩ። አምስት ቃል።»

ከዚያ በቀዩ እስክሪብቶ አማርኛውን ሦስት ቦታ ቆረጡት። ጠብቄ፣ ህ፣ አለሁ። «ጠብቄ ውስጥ ማን አለ?» አሉኝ። እኔ አልኩ። «አለሁ ውስጥስ?» እኔ። «እዚህቺ ህ ውስጥ?» አንተ። እስክሪብቷቸውን ህ ላይ አኑረው ቆዩ። «እየው፣ አማርኛ ላይ የሚጠበቀው ሰው በሁለት እኔ መሀል ነው። እንግሊዝኛ ላይ አንደኛው ጫፍ እኔ ነኝ፣ ሌላው ጫፍ አንተ ነህ፤ መሀሉን ሌሎች ቃላት ይዘውታል። ፎር ድልድይ ነው። በኛ ቋንቋ ወንዝ ስለሌለ ድልድዩን ረሳኸው።»

ያን ቀን ማታ በኩራዝ ብርሃን «ጠብቃዋለች» የሚለውን ራሴ ቆራረጥኩት። ጠብቃ፣ ው፣ አለች። እሷ፣ እሱ፣ እሷ።

«ሲንስ»ን ያስረዱኝ በከብት ነው። «ሲንስ ካስማ ነው፤ ፎር ገመድ ነው። ካስማ የሚተከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከ1971 ጀምሮ፣ ከሄደበት ቀን ጀምሮ። ገመድ ግን ርዝመቱ ነው የሚለካው፤ አምስት ዓመት፣ ሦስት ወር። በርዝመት ላይ ካስማ አትተክልም።» የስሕተቱ ሥር የገባኝ በኋላ ራሴ ሳስተምር ነው። እኛ «ካየሁት አምስት ዓመት ሆነኝ» እንላለን። «ከ» አለች፣ ግን የተጣበቀችው ማየቱ ላይ ነው። ልጁ «ከ»ን ሲንስ ብሎ ይተረጉምና ዞር ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው አምስት ዓመትን ነው፤ እዚያው ላይ ይለጥፋታል። ከዓመት ዓመት ስንት ሺህ ደብተር ላይ «ሲንስ ፋይቭ ይርስ» የሚለውን እንዳረምኩ አልቆጠርኩትም። አንዱም ልጅ በስንፍና የጻፈው አይመስለኝም። ሁሉም እናቱ ቤት የሚነገረውን በታማኝነት ነው የተረጎመው።

አንድ ነገር ግን መምህሬም ማሻገር አቃታቸው። «ሆነኝ»። አምስት ዓመት ሆነኝ ስትል አድራጊዎቹ ዓመታቱ ናቸው፤ እናቴ ደርሰውባት የምትቀበል ናት። እንግሊዝኛው ላይ ግን ሺ ሃዝ ትሆናለች፤ ባለቤትም አድራጊም እሷው። መምህሬ ቀና ብለው ጥቂት ዝም አሉና «ይህቺ አትሻገርም፣ ተዋት» አሉኝ። ደብዳቤውን እንዲሁ ፒያሳ ጣሊያን በሠራው ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትምህርቱ «ጎን ቱ» እና «ቢን ቱ» ላይ ደረሰ። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አሜሪካ» ማለት ሄዷል፤ እዚያ ነው፣ ወይም መንገድ ላይ ነው፣ እዚህ ግን የለም። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ አሜሪካ» ማለት ደርሶ ተመልሷል። «ቢን ኢን» ሲሆን ደግሞ እዚያ ቆይቷል፤ ስንት ጊዜ እንደቆየ መናገር ይቀራል። ሰው ሳይለወጥ፣ አገር ሳይለወጥ፣ በአንድ ግስና በአንዲት መስተዋድድ ብቻ የአንድ ቤተሰብ ነገር ይገለባበጣል። ተውላጠ ስሙም ውስጡ ገብቷል። «ጎን ቱ» ከሂ፣ ከሺ፣ ከዘይ ጋር ይስማማል፤ ከ«አይ» ጋር ግን እንብዛም አይሄድም፤ ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ሄጄ አልተመለስኩም ሊልህ አይችልምና። እኛ ግን «ላሊበላ ሄጃለሁ» ብለን ጎንደር ተቀምጠን እናወራለን፤ ተሳልመን ተመልሰናል ማለታችን ነው። ስለዚህ ተማሪ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ላሊበላ» ብሎ ይጽፋል። ጠንቀቅ ያለው ደግሞ «ሄጄ ነበር» የሚለውን ይይዝና «አይ ሃድ ጎን» ይላል። ሁለቱም ከአማርኛ አንጻር ልክ ናቸው። ለዚህ ከእንግሊዝኛው ጋር በትክክል የሚገጥም የአማርኛ አባባል ያለን «ሄደህ ታውቃለህ?» የሚለው ነው። እኛ ደርሶ መመለስን ከማወቅ ጋር እናገናኘዋለን፤ አገሩን የረገጠ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው ከመሆን ጋር ነው ያገናኘው።

መምህራችን በየተራ ያስነሡ ነበር። እኔ ላይ ሲደርሱ «ዌር ኢዝ ዩር ብራዘር?» አሉኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ በዚያን ዘመን ወንድሙ በሱዳን የወጣ ልጅ ስለ ወንድሙ ጮክ ብሎ አይናገርም። ቀስ ብዬ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ አሜሪካ» አልኩ። «ጉድ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ «ቢን ቱ የምትልበትን ቀን ያምጣልህ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ።

እርሳቸው እንግሊዝኛ የተማሩት ከሰላም ጓዶች ነው። በፈረንጆቹ 1962 የመጀመሪያዎቹ ወጣት አሜሪካውያን መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሲበተኑ እርሳቸው ተማሪ ነበሩ። አንድ የሚገርማቸው ነገር እንደነበር ያጫውቱን ነበር። አሜሪካኖቹ ሲያወሩ «አይ ኦልረዲ ኤት» ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን የእንግሊዞች ስለነበረ «አይ ሃቭ ኦልረዲ ኢትን» ይላል። በልቻለሁ ለማለት አንዱ ሃቭ ይፈልጋል፣ ሌላው አይፈልግም። «ምግቡ አንድ ነው፣ ማዕዱ ግን ሁለት» ይሉን ነበር። ወንድሜ ከብዙ ዓመት በኋላ በስልክ «እዚህ ስለ ሃቭ የሚጨነቅ የለም» ሲለኝ ነገሩ ከዚያ ስለማውቀው አልደነቀኝም።

እኔም የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ። ኮሌጅ ስገባ መጀመሪያ የገዛሁት መጽሐፍ የሬይመንድ መርፊ ሰዋስው ነው፤ በፈረንጆቹ 1985 ካምብሪጅ ያሳተመው ሰማያዊ መጽሐፍ። የኔው ፎቶ ኮፒ ስለነበረ ሰማያዊነቱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። እዚያው ኮሌጅ እያለሁ ስለ ሃቭ የሰማሁት ነገር ግን ከመጽሐፉ የበለጠ ነካኝ። ሃቭ ድሮ መያዝ ነበር አሉን፤ የእውነት መያዝ። የጥንቱ እንግሊዛዊ ደብዳቤ ጽፌያለሁ ሊል ሲፈልግ «ደብዳቤው ተጽፎ በእጄ አለ» እንደማለት ነበር የሚናገረው። እየዋለ እያደረ እጁ ተረሳና ጊዜ ሆኖ ቀረ። የመሄድና የመምጣት ግሶች ደግሞ ከሃቭ ጋር ሳይሆን ከቢ ጋር ነበር የሚሄዱት። ዛሬ «ሂስ ጎን» ሲሉ ያቺ ታናሽ «ስ» ሃዝ ትሁን ኢዝ ትሁን በጆሮ የማትለየው ለዚህ ነው። ሃዝ ካልካት ሄዷል ነው። ኢዝ ካልካት የለም ነው።

የእኛው «በልቻለሁ» በልቼ እና አለሁ ነው። በልቼ፣ አለሁ። አንዱ ቋንቋ ያደረገውን ይዞ ይቆማል፤ ሌላው አድርጎ ይኖራል። በየዓመቱ መጀመሪያ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልነግር ወደ ሰንጠረዡ ገብቼ አላውቅም። ሰንጠረዡ ብቻውን ግማሽ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ውስጥ ይኸው ነገር በሌላ መልክ እንዳለ ካላየ ሃቭ እና ሃዝ ለዕድሜ ልኩ የፈተና ጣጣ ሆነው ይቀሩበታል።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚወርድ የቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። ግድግዳው ላይ ያለችው መምህርት ጥሩ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ፈጠን ትላለች ግን። «አይቭ ሲን» ስትል መጨረሻ ላይ ያለችው «ቭ» ከከንፈሯ ሳትወጣ ታልቃለች። ልጆቹ የሰሙትን «አይ ሲን» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ጠመኔ ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ያቺን «ቭ» ላወጣላቸው አፌን ስከፍት መልመጃው ይመጣል፤ መልመጃውን ልንሠራ ስንጀምር ሰዓቱ ያልቃል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ግን መምህሬ ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንዳደረጉት አንድ ወረቀት ገልብጦ «ጠብቄሃለሁ» ብሎ ለመቁረጥ የሚበቃ ጊዜ በፕላዝማው ዘመን አልነበረኝም፤ የእነዚያ ዓመታት ተማሪዎቼ ይህን ሳያገኙ አለፉ።

ወንድሜ ለሚሊኒየሙ መጣ። ዛሬ ነገ ሲል ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ በ2000 ዓ.ም. መስከረም። እናቴ አዘዞ ድረስ ሄዳ ተቀበለችው። ያን ቀን የመምህሬ ምርቃት ትዝ አለኝ፤ ቢን ቱ የምልበት ቀን መጣልኝ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆየና ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት አንድ እሑድ ደወለና ልጁን አገናኘን። ስድስት ወይም ሰባት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መናገር ላይ ትቸገራለች። ምን ትያለሽ አልኳት። ፈጠን ብላ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ማይ ዳድስ ቢን ቱ ኢትዮጵያ፣ ባት አይ ሃቨንት» አለችኝ። አንድ ስሕተት የለበትም። ሃያ ዓመት ካስተማርኳቸው ተማሪዎች አንዱ ተመርጦ ቢመጣ እንዲህ አያደርገውም። ሃዝን በ«ስ» አሳጥራለች፣ ቢንን ከቱ ጋር አስማምታለች፣ ራሷንም በትክክለኛው ደጋፊ ለይታለች።

እናቴ አጠገቤ ናት። «ምን አለች ልጄ?»

«አባቴ ኢትዮጵያ ደርሶ መጥቷል፣ እኔ ግን ሄጄ አላውቅም ትላለች» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አልነበረኝም።

እናቴ ትንሽ ቆየች። «መጥቷል?» አለች። «ወዴት ነው የመጣው?»

ስልኩን ሰጠኋትና ቡናው እንዳይገነፍል ወደ ጀበናው ሄድኩ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ድርሰት አስረከበችኝ። እናቷ ኩዌት ቤት ሠራተኛ ናት። ድርሰቱ ስለ እሷ ነው፤ «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ፎር ማይ ማዘር ፎር ስሪ ይርስ» ይላል። ልክ ነው። ከክፍል በኋላ አስቀረኋትና ፎር ለምን ሁለት ጊዜ መጣ ብዬ ጠየቅኳት። ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች። «ስልኬ ነው የጻፈው፣ ቲቸር» አለችኝ። አላፈረችም፣ እኔም ላሳፍራት አልፈለግኩም፤ ስልኩ እንደሆነ ሁሉም ጋ አለ። አንደኛው ፎር ለሰው፣ ሁለተኛው ለገመድ እንደሆነ አስረዳኋት፤ ገባት። ቀጥዬ እናትሽ ትናፍቅሻለች ወይ አልኳት። «በጣም ሚስ አድርጌያታለሁ» አለችኝ።

ይህ አነጋገር ዛሬ የሁሉም ነው። ቴክስት አድርጌልሃለሁ፣ ብሎክ አድርጋኛለች፣ ካንስል ሆኗል። ሰዋስውን ለሚወድ ሰው ደግሞ ያስገርማል። ከእንግሊዝኛው ግሱ ብቻ ራቁቱን ይመጣል፤ ሃቭም፣ አይም፣ ፎርም፣ ዩም እዚያው ይቀራሉ። «አድርጌልሃለሁ» ውስጥ እኔም አለሁ፣ አንተም አለህ፣ «ለ»ም አለች። የኛ ግስ ሸክሙን ሁሉ ተሸክሞ ለእንግዳው ቃል ይሠራለታል። ይህ ለአማርኛ ጉልበት ምስክር ነው፣ አልከፋም። የሚከፋኝ ሌላ ነው። «ናፍቃኛለች» ስንል የምትናፍቀው እናቲቱ ናት፤ ባለቤቷ እሷ፣ የሚደርስብኝ እኔ ነኝ። እንደ እናቴ «ሆነኝ» ማለት ነው። «ሚስ አድርጌያታለሁ» ላይ ግን አድራጊዋ ልጅቷ ሆነች፣ እናቷ ወደ ተደራጊነት ዞረች። መምህሬ አትሻገርም ያሏት ነገር ከወዲያ ወደዚህ ተሻግራ መጣች።

«ናፍቃኛለች አትይም?» አልኳት።

«እሱ የትልልቅ ሰው ነው» አለችኝ።

እናቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፈች። ወንድሜ ለልጆቹና ለእነዚያ ለተቀበሉት ምእመናን የሚነበብ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። ብዙ አልፈጀብኝም። የድሮዋ ዐረፍተ ነገር አብራኝ ስለኖረች እሷኑ ጻፍኳት፤ «ሺ ሃዝ ዌይትድ ፎር ሂም»። ከዚያ ቆምኩ። ሃዝ የሚቆመው ባለቤቱ በሕይወት ካለ ነው፤ ላረፈ ሰው ጊዜው ይዘጋል። ለተማሪ ስነግረው ሁልጊዜ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሕግ ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አጠገቤ ነበረ፤ ሃዝን በእሱ ሰረዝኩ። «ሺ ዌይትድ ፎር ሂም» ቀረ። ፎር በቦታዋ ናት፣ ሂምም በቦታው ነው።

የወንድሜ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አማርኛ በራሷ ፈቃድ መማር ጀምራለች። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ልሄድ ነበር፤ የቪዛ ቀጠሮዬ አንዴ ተላልፎ፣ ደግሞ ተላልፎ፣ ዓመቱ አለቀ። አንድ ሌሊት በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እያንዳንዷን ፊደል ፈልጋ እንደጻፈችው ያስታውቃል፦ «አጎቴ፣ እኔ ጠብቄአለሁ ለአንተ።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። «እኔ» ትርፍ ናት፤ ግሱ ውስጥ አለች። «ለ» ያቺው ፎር ናት፤ ድልድይ ይዛ መጥታለች። «አንተ» ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በ1976 የጻፍኳት ዐረፍተ ነገር ከወዲያ ማዶ ተገልብጣ የመጣች መሰለኝ። አያቷ ብትሰማ «አንቱ በይው» ትላት ነበር፤ እኔ እሱን ተውኩት።

«ጠብቄሃለሁ» ብዬ መለስኩላት። ከሥሩ ደግሞ ቆርጬ ጻፍኩት፦ ጠብቄ፣ ህ፣ አለሁ።

«ዩ የቱ ነው?» አለችኝ።

«መሀል ያለው ነው። ግራና ቀኙ አንቺ ነሽ።»

ጥቂት ቆይቶ በድምፅ ላከችልኝ። ከመስኮቷ ውጭ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ቃሉን ሦስት ጊዜ ነው ያለችው፤ በየጊዜው መሀሉ ላይ ስትደርስ ከሚገባው በላይ እያጠበቀች።